ይበሳ ወይስ ሳጥን ይንጠልጠልበት?

የዓሣ ገንዳችን ውሃ ከላይ ተርፎ ከሥሩ ወዳለው ማጣሪያ የሚወርድበት መንገድ ያስፈልገው ነበር። ባሌ መስታወቱን እንብሳው አለ። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ውሃውን ስቦ የሚያወርድ ሳጥን ጠርዙ ላይ እናንጠልጥል አለ። ዓሦቹን ጠዋት አንድ ባልዲ ውስጥ አጭቀናቸው ነበር። ባሌ ግድግዳው ሶኬት ላይ የተሰካውን ገመድ ነቅሎ መብሻ ትራፓኖውን ሰካ፤ ሁለቱም ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ተጨቃጨቁ።

«መብራት ሲጠፋ ያንተ ሳጥን ቤቴን ጎርፍ ያደርገዋል!»

«ትራፓኖህ መስታወቱን ዱቄት ያደርገዋል፣ አንተ ደረቅ!»

ወንድሙ ባሌን ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሼ ነበር የሚለው። ባሌ በክርኑ አፍንጫውን አለው። ወንድሙ ደሙን እየተፋ በግንባሩ ገጨው። ወንበር ተሰበረ፣ መጋረጃ ተቀደደ፣ የባሌ ጥርስ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ልገላግል ብገባ አንዱ ደረቴን በቡጢ አቀመሰኝ፤ የማን እጅ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«ተጋደሉ! አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሲደክማቸው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ገንዳውን ጭረት እንኳን አልነካውም።

«እሺ፣ አንቺ ፍረጂ» አለኝ ባሌ ያበጠ ከንፈሩን እየጠረገ። «ይበሳ ወይስ ሳጥን ይንጠልጠልበት?»

ያን ጊዜ ነው ባልዲው ትዝ ያለኝ። ጠዋት ባሌ የነቀለው ለዓሦቹ አየር የምትነፋውን ማሽን ኖሯል። ባልዲውን አንስቼ መሃላቸው ደፋሁት። አንዱም ዓሣ አልተንፈራገጠም።

«ለየትኛው ዓሣ?» አልኳቸው።