አሥራ አንድ መዳብ በጣራ ላይ

ኢትዮጵያዊው ገነነ ቆርቆሮ መምታት ያውቃል፤ ጉራ መንዛትም አያንሰውም። ጦርነት ያፈረሳት ሐርጌሳ እንደገና ስትሠራ፣ የእሱ ጣራ ጠብታ እንደማያሳልፍ ከጅግጅጋ ያር ሰፈር እስከ 31 ሜይ ሰፈር አስወርቷል። ዘዴው በየሚስማሩ አንገት የለስላሳ ቆርኪ ማስገባት ነው፤ ቆርኪው ቀዳዳውን ይደፍንለታል።

የእማማ አርዶን ቤት ሲመታ ግን አሥራ አንድ ሚስማር ሲቀረው ቆርኪ አለቀበት። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሱቅ ድረስ ማን ይሂድ? መስኮቱ ላይ ካለ የወተት ጣሳ ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ፣ አረንጓዴ ዝገት የወረሳቸው ክብ ብረቶች አገኘ። ቢቆጥር አሥራ አንድ! አምላኩን አመስግኖ አንድ በአንድ እየበሳ ቸነከራቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄ ጀግና ማፍሰሱንም አላወቀ።

ብረቶቹ የሟች ባሏ የሳማታር የመዳብ መሐለቆች ነበሩ። አርዶ ስትሰደድ ከነጣሳው ይዛቸው ወጥታ፣ ከነጣሳው ተመልሳለች። የድሮ ገንዘብ አዋቂው ሮብሌም መሐለቅን ያጠበ ዋጋውን አብሮ ያጥባል ብሎ ስላስጠነቀቃት ዝገታቸውን አልነካችም። ወልውላቸው ቢሆን ኖሮ ገነነም ገንዘብነታቸውን ባወቀ ነበር።

በማግስቱ ሮብሌ ሊገምታቸው መጣ። ጣሳው ባዶ። አርዶ ቤቱን ገለባበጠችው፤ በመጨረሻ ዓይኗ ትናንት ቤት ስትጠርግላት የዋለችው ጎረቤቷ ላዳን ላይ አረፈ። ላዳን አንገቷን ደፋች። መሣሪያውን ሊሰበስብ የመጣው ገነነ ባዶውን ጣሳ ሲያይ ነገሩ ገባው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ግን የላዳንን ፊት ማየት አቃተው።

«እማማ፣ እሷን ተያት። እኔ ነኝ፤ ጣራው ላይ ናቸው» አለ።

ሮብሌ መሰላል ወጥቶ አያቸው፤ ራሱን እየነቀነቀ ወረደ። ደህና ዋጋ ያወጡ ነበር፤ ከተበሱ በኋላ ግን ቤሳ ቤስቲን የሚሰጥባቸው የለም። ገነነ ነቅሎ ሊመልስ፣ ዓመት ሙሉ በነጻ ሊሠራ ማለ፤ እውነትም አፍሮ ነበር።

አርዶ ቀሚሷን ሰብስባ መሰላሉን ወጣች። ቆርቆሮው ላይ የተደረደሩትን አረንጓዴ ክቦች ስታይ ቆይታ፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁሉም አለቀሰች ብለው ደነገጡ፤ ሴትዮዋ ግን እየሳቀች ኖሯል። በስደት ጅግጅጋ በለመደችው አማርኛ ነገረችው።

«አሮጌው ጣራ ባፈሰሰ ቁጥር ሳማታር ‹ታገሺ፣ እነዚህ መሐለቆች አንድ ቀን ጣራ ይሆኑልሻል› ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ውሸታም ስለው ኖርኩ። አንዱንም እንዳትነቅል።»

ወርዳ ላዳንን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀች። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፤ አራቱም ከሥር ተቀምጠው አንጋጠጡ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አርዶ የባሏን ስም እየጠራች ዱዓ አደረገች፤ ከዚያም ወደ ገነነ ዞረች።

«ለወጥ ቤቱ ጣራ ግን ቆርኪህን ይዘህ ና» አለችው።