አስተርጓሚው የዘለላት ቃል

«ቆይ፣ ጋሼ ብርሃኑ። እዚያ ላይ ምን አሉ?» አለ ሙሳ።

አስተርጓሚው ብርሃኑ ከጣሊያን አገር ከመጣው ደብዳቤ ላይ ቀና አለ። ከሾላው ሥር ሰሌን ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞችም ወደ ሙሳ ዞሩ። የእህቱ የራቢዓ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሙሳ አፉን ሲከፍት ገና የመጀመሪያው ነበር።

«የቱ ላይ?»

«ካርቦናያ ያሉት ላይ።»

ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠረገ። እያንዳንዱን መስመር መጀመሪያ በጣሊያንኛ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ማንበብ መቻሉ እንዲታይለት ይወዳል። ከሮቢ ቆላ ሰዎች መሀል ቃሉን የሚለይ ጆሮ ይኖራል ብሎ ግን አላሰበም።

«የብርዱ ወራት ሲገባ ሳል ያዛት፤ ወደ ልጆቹ እንዳታጋባ ብለው ለብቻዋ ሞቅ ያለ ክፍል ሰጧት ነው የሚለው።»

«ካርቦናያ የከሰል ማስቀመጫ ነው።»

«ከሰል ያለበት ቤት ይሞቃላ።»

ሙሳ ጣርማ በር ላይ ዋሻው ሲፈለፈል ሁለት ዓመት ሠርቷል። ለአንጥረኞቹ ከሰል የሚያቀብለው እሱ ነበር። ካርቦናያ ምን እንደሆነ በሳንባው ያውቀዋል። መስኮት የለውም፤ ገብቶ የወጣ ሰው እስከ ማታ ጥቁር አክታ ይተፋል። እህቱ የተኛችው እዚያ ውስጥ ነው።

«ይቀጥሉ» አለ።

ሸህ አብዱልወሃብ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። በትናንትናው ቀን ሬሳ በሌለበት ሰግደው፣ ዱዓ አድርገው ያዋሉት እሳቸው ናቸው። «ሶብር አድርግ፣ ቻለው፣ ልጄ» አሉት በለሆሳስ።

ከውስጥ፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ፣ የሴቶቹ ድምፅ ተቋርጧል። እናቱ ሐምዲያ እየሰማች ነው። መርዶው ከጣሊያኑ ሹም ቢሮ በቃል ከደረሰ ጀምሮ ሙሳን አላናገረችውም። ትናንት ሊያጽናናት ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራበታለች። ማን ራቢዓን አሳልፎ እንደሰጠ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ራቢዓ ስትሰጥ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባታቸው አብዱረሂም በሞተ ዓመት እናትየዋ በወባ ስትወድቅ፣ ገና ጡት ያልጣለችውን ታናሽ እህታቸውን ከዲጃን ያሳደገቻት እሷ ናት። ከዲጃ የምትተኛው በራቢዓ ጀርባ ላይ ብቻ ነበር። ልጅ መያዝ እንደምትችል አገሩ አውቆላታል፤ የዋሻው ጣሊያናዊ መኀንዲስም ይህንኑ ሰማ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከአገሩ አምጥቶ ደብረ ሲና ላይ አስቀምጦ ነበርና ራቢዓ እዚያ ገባች።

በወር አንድ ቀን በመንገድ ሠራተኞቹ መኪና ተሳፍራ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ቤቱ ይሞላል። ሴትዮዋ በተረከዝ ጫማ ጭቃ ስትሻገር እንዴት እንደምትሆን እያሳየች ታስቃቸዋለች። ትንሹ ልጅ ከጣሊያንኛው ይልቅ አማርኛው እንደሚቀናው፣ ያለ እሷ ማንኪያ አልይዝም እንደሚል ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን ግን ጉንጯ አብጦ መጣች።

«ልጁ ‹ማማ› ብሎ ጠራኝ» አለች። «ሴትዮዋ ሰማች።»

«ልጁን መታችው?» አለች እናቷ።

«እሱን ምን ብላ። እኔን እንጂ።»

ብላ ሳቀች። ሙሳም አብሯት ሳቀ። 

ብርሃኑ ቀጠለ። በመጨረሻ ልጅቷ ሆስፒታል እንደገባች፣ በሦስተኛው ቀን እንደሞተች፣ መላው ቤተሰብ በጣም እንዳዘነ፣ ልጆቹም እንዳለቀሱ አነበበ። ከዚያ ከፖስታው ውስጥ ፎቶግራፍ አወጣ። ለሸሁ ሰጣቸው፤ እሳቸው ለሙሳ አቀበሉት።

ራቢዓ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ከሁለት ልጆች ኋላ ቆማለች። ጸጉሯን አሳጥረውታል። የአንገቷ አጥንት ገጥጧል። ሦስቱ ሰዎች ባሉበት ሥዕል ፀሐይ ያረፈው በሁለቱ ላይ ነው፤ የሷ ፊት ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው።

«ከጀርባው የተጻፈውን ያንብቡልኝ» አለ ሙሳ።

ብርሃኑ ተቀበለው። በጣሊያንኛ ለማንበብ አሁን አልቸኮለም። «‹ልጆቻችን ከራቢዓ ጋር› ይላል።»

«በነሱ ቋንቋ ያንብቡት።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ያንብቡት፣ ጋሼ ብርሃኑ።»

አነበበው። የራቢዓ ስም የለበትም። ሞሬታ ይላል። ዋሻው አፍ ላይ ነጮቹ አለቆች ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ጥቁሯ፣ ትንሿ ጥቁር እንደማለት። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር አድራ፣ ልጆቻቸውን አጥባ አልብሳ፣ እንደ ልጃችን ናት እያሉ ወስደዋት፣ ስሟን አልያዙትም።

ሙሳ ፎቶውን ከእጁ ወስዶ በደረቱ ኪስ ከተተው። «ይጨርሱት» አለ። 

የቀሩት ጥቂት መስመሮች ናቸው። ብርሃኑ ፈጠን ፈጠን እያለ አነበባቸው፤ ሲጨርስም ወረቀቱን አጠፈው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ ነው የሚለው። በቃ።»

«ሶሬላ የሚል ሰምቻለሁ።»

ብርሃኑ ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰ።

ሶሬላ እህት ማለት ነው። ሙሳ ቃሉን የተማረበትን ቀን አይረሳውም። መኀንዲሱ በዚሁ በብርሃኑ በኩል አስጠርቶት ሲጋራ ሰጠውና ጣቱን ደረቱ ላይ ቀስሮ «ሶሬላ» አለው። እህት እንዳለህ ሰምቷል አለው ብርሃኑ። ወደ አገራቸው ለመመለስ ጓዛቸውን ሲጠቀልሉም ያችኑ ቃል ደገመለት፤ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ማንበብና መጻፍ ትማራለች፣ ከኛው ጋር ከአንድ ገበታ ትበላለች እያለ። እናቱ እንቢ አለች። ሙሳ ግን ሥራውን እንዳያጣ ፈራ፤ ደግሞም አመነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጨርቋን የቋጠረችበትን ስልቻ አንስቶ መኪናው ላይ የጫነላት እሱ ነው። ራቢዓ ከላይ ሆና «ከዲጃን አደራ፣ ማታ ማታ ትፈራለች» አለችው። ሌላ አላለችም።

«ሶሬላ ምን ሆነች ነው የሚለው?»

«ሙሳ፣ ለቅሶ ላይ ነን።»

«ስለሆነ ነው የምጠይቅዎት።»

ብርሃኑ ላቡን በመሐረብ ጠረገ። «ልጆቹ የዚህ አገር ሰው ለምደዋል ይላል። ሌላ አልቀበል አሉ። ታናሽ እህት እንዳለቻት ስለነገረቻቸው በሷ ምትክ እንድትላክላቸው ነው። ለሹሙ ቢሮም ጽፈዋል። የዛሬ ሳምንት መኪና ይመጣል።»

ከውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። ከዲጃ አሥር ዓመቷ ነው።

ሙሳ ተነሣ። ሸሁ ሊይዙት ሞከሩ፤ አልተያዘላቸውም። ብርሃኑ የሚመታው መስሎት ክንዱን ወደ ፊቱ አነሣ። ሙሳ ግን ፊት ለፊቱ ቆሞ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«መልስ ይጻፉልኝ። ማን አጠባት? ማን ከፈናት? ማን ሰገደባት? አፈሯ የት ነው? ይህን ይንገሩን። ስሟንም ይጻፉላቸው፤ አያውቁትም። ራቢዓ አብዱረሂም።»

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጄ አልጽፍም። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ሲወስዷት እንደ ልጃቸው ነው ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ያሉኝን ነው የነገርኩህ።»

«ዛሬስ ያሉትን ለምን ዘለሉት?»

ብርሃኑ ኮፍያውን ከሰሌኑ ላይ አነሣ። ለቀስተኛው ሁሉ ዐይኑን ከሱ ላይ አንሥቶ ነበር። ጥቂት እንደሄደ ቆመና ሳይዞር «ወታደር ይዘው ነው የሚመጡት» አለ። «እኔ እዚህ ቤት ሌላ ልጅ አላየሁም።» ሙሳ አላመሰገነውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብሪቱ በጓሮ በኩል መጣች። ከቀወት ዳገት ላይ ያለች ክርስቲያን ባላገር ናት፤ ከሐምዲያ ጋር በሮቢ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥጥና ማሽላ ሲሸጡ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ወንድሟ የሚኖረው ጣሊያን በማይደፍረው ገደል ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች የተነጋገሩት ሌሊቱን ተላልከው ይሁን ማለዳ ሙሳ አያውቅም፤ ሲገባ ከዲጃን ለመንገድ ተዘጋጅታ አገኛት።

«ሰው ቢጠይቀኝ የእህቴ ልጅ ናት እላለሁ» አለች ደብሪቱ። «እስክትመለስ ትርንጎ ብለን ብንጠራት አይሻልም?»

ሙሳ አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደመችው።

«አይሆንም፣ ደብሪቱ። ተደብቃ ትኑር፣ ከብት ትጠብቅ፣ ውኃ ትቅዳ። ግን በስሟ ጥሪያት።»

ደብሪቱ ሐምዲያን ትክ ብላ አየቻት። «እሺ» አለች። «ከዲጃ ነይ።»

በሳምንቱ መኪናው መጣ። ወታደሮቹ ጎተራውን ገለበጡ፣ ልጅቷን ሲያጡ ሙሳን ወስደው ገረፉት፤ ሃያ ቀን አስረው ለቀቁት። አልተናገረም። ከዲጃ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አንድ ዓመት በዳገቱ ላይ ኖረች፤ ተመልሳም መጣች። የራቢዓን መቃብር የነገራቸው ግን የለም። ያ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው።

በዚያ ጠዋት የሁለቱ መንገደኞች ጀርባ ከግራሮቹ ኋላ ሲሰወር ሐምዲያ ደጃፉ ላይ ሰሌኗን አንጥፋ ተቀመጠች። ሙሳ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ለቀስተኞቹ ገና አልመጡም። ሐምዲያ ወደሱ አላየችም። ብዙ ከቆየች በኋላ ወደ ዳር ጠጋ አለችና፣ ከጎኗ የቀረውን ክፍት ቦታ በመዳፏ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።