የሽቦው ደም ስር

«ሳይታመም ሞተ! መታደል ነው» አለ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ የተላጠ እንቁላሉን ጨው ላይ እያንከባለለ።

ነርሷ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አባቷ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሰውየው ጢም ላይ ጨውና አስኳል ተለጥፏል፤ እያኘከ ሟቹን ያወድሳል። አስጠላት። በረንዳ ላይ የተሰበሰቡት አጫሾች ጢስም በመስኮት ይገባል። መጋረጃው፣ ትራሱ፣ የራሷ ጸጉር ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።

«ጠዋት ጎማ ሲፈታ ነበር፣ ከሰዓት የለም» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ። «ሽቦን እኮ በሽታ አያውቀውም!»

ሽቦ የአባቷ ቅጽል ስም ነው፤ ስሙን ያወጣለት የገዛ እጁ ነበር። አርባ ዓመት ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍና ሲነፋ የኖረ ጎሚስታ ነው። ደንበኛ ሲመጣ እጁን ይዘረጋና «ንካት እስቲ!» ይላል። አንጓው ላይ ያለው ደም ስር ሲጫኑት እንደ ሌላው ሰው እሺ ብሎ አይተኛም፤ ድርቅ ብሎ ከቆዳው ስር ይንከባለላል። «ሽቦ ነው! የዛሬ ልጆች ይሄን ከየት ታመጡታላችሁ?» ብሎ ያስቃል። ይኸው ሰው አሮጌ ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ «ይሄ ደርቋል። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ነው፤ መንገድ ላይ ይፈነዳብሃል» እያለ የሰው ጎማ ሲያስጥል ይውላል። ጎማ ሲደርቅ አደጋ፣ ደም ስር ሲደርቅ ጉልበት መሆኑን ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ትሪውን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች። አጎቷ ተከትሏት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት እያወጣ። የመንጃ ፈቃድ ማሳደሻ የጤና ቅጽ ነው። «የኔም ቀኑ ደርሷል። ለወንድሜ እንዳደረግሽለት ያቺን ቁጥር ብትጽፊልኝ ብዬ ነው።»

ትሪውን አስቀመጠች። «ነገረህ?»

«ከኔ ምን ይደብቃል? ልጄ አዳነችኝ እያለ ሲስቅ ነበር እኮ። በኔ በኩል አታስቢ፤ ዝም አይነቅዝም።»

አዳነችኝ።

ከአራት ወር በፊት አባቷም ይህንኑ ቅጽ ይዞ፣ ጎማ ጎማ እየሸተተ እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ መጥቶ ነበር። ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያውን ጠቅልላ ነፋች፤ መቶ ሰማንያ ስምንት በሰባ። ደገመችው፣ ያው ነው።

«የታችኛው ደህና ነው አይደል?» አላት።

«እሱ አያጽናናህ አባዬ። የላይኛው ከፍ ብሎ የታችኛው ሲቀር እኮ ደም ስር መድረቁን ያሳያል። ልብህ ደሙን ሲገፋ ደም ስርህ መለጠጥ አቅቶታል፤ ዱላውን ጭንቅላትህና ኩላሊትህ ይቀበሉታል። ልብህም ይደክማል። ዕድሜ አለ፣ ሲጋራው አለ፣ ጨውህ አለ፤ ስንት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ያልከው ግፊት አለ። ሐኪሙ ይይህና መድኃኒት ጀምር።»

«ካየኝማ መንጃ ፈቃዴን ይይዝብኛል። ከዚያ ጎማ በጀርባዬ ልሸከም? አንቺ ልጄ አይደለሽም እንዴ?»

መቶ ሃያ ስምንት ብላ ጻፈች። ሰባውን እንዳለ ተወችው፤ የቅጹ ግማሽ እውነት ነበር። ቁጥሩ ደህና የሆነ ሰው ሐኪሙ ጋ አይቀርብም፤ ተፈርሞለት ይሄዳል። «በሳምንቱ መጥተህ መድኃኒት ትጀምራለህ» አለችው። እሺ አለ። ሳምንቱ አራት ወር ሆነ፣ እሷም አልጎተተችውም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ስር ፈንድቶ ሆስፒታል ሲገባ፣ ተረኛው ሐኪም «ግፊት ነበረበት?» ብሎ ጠየቃት። «አላውቅም» አለች።

አሁን ያን ቁጥር የጻፈችበትን ቀኝ እጇን አየችው። ከልብስ ሰፊው አፍ ይልቅ የገዛ ጣቶቿ ቀፈፏት። ያበጠው ይፈንዳ አለችና ከሥራ ቦርሳዋ መለኪያውን አወጣች።

«ና» አለችው አጎቷን።

«እዚሁ አትጽፊውም?»

«ሳልለካ አልጽፍም።»

እንግዶቹ መካከል አስቀመጠችው። ኮቱን አስወልቃ ክንዱ ላይ ጠቀለለች፣ ነፋች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አስተነፈሰችው።

«መቶ ዘጠና ሁለት በስልሳ ስምንት» አለች ጮክ ብላ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ደም ስሩ ደርቋል ማለት ነው። ነገ ሐኪም ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ። የአባዬም መቶ ሰማንያ ስምንት ነበር፤ እኔ ነኝ መቶ ሃያ ስምንት ብዬ የጻፍኩት። ሐኪም እንዳያየው ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳይታመም አልሞተም።»

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ፊት!» አለ አጎቷ እጅጌውን እያወረደ። ልብስ ሰፊው የተገመሰውን እንቁላል ሳህኑ ላይ መለሰ። አንዲት ሴት «በስመ አብ» አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እናቷ ዞሩ።

እናቷ ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ሳይወጣት ተቀምጣለች። ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት መለኪያውን መጠቅለል ጀመረች።

«እማዬ...» አለች መለኪያውን እንደያዘች አጠገቧ በርከክ ብላ።

እናቷ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ብብቷ ሰበሰበችና ክንዷን የልጇ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።