የሰነፍ ጥግ

ምላጭ እናቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ፣ ጂፕሰም ገጣሚዎቹ ናቸው፤ ሁለት ግድግዳ የሚያገናኝበትን ጥግ አይተው። እሱ የሠራው ጥግ ላይ ክር ቢያልፍ ይበጠሳል ይባላል። ቀለም ቀቢዎች ደግሞ «ብሩሻችንን ላጨብን» እያሉ ያሙታል። ምላጭ ሐሜቱን እንደ ሙገሳ ያጣጥመው ነበር፤ ለነገሩ ሙገሳም ነበር።

አሁን ግን የዚህ ሰው ጥግ የገዛ እናቱን ቅንድብ ተርትሯል።

ነገሩ የሆነው ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። የእናቱ ዓይን ከደከመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የቀረውን የሚያዩት በእጃቸው ነው። ምላጭ እሳቸውን አምጥቶ አብሮ ሊኖር ብሎ ቤቱን ካፈራረሰው ሁለት ወር ሆኖታል። የማይሞላ ሰፊ ሳሎን ነበረው፤ እሱን በጂፕሰም ቦርድ ከፋፍሎ ለእናቱ መኝታ ቤት አወጣ፣ መሐል ለመሐል መተላለፊያ ሠራ፣ ኩሽናውንና መጸዳጃ ቤቱን ወደ እሳቸው አቀረበ። ቀለም ብቻ ነበር የቀረው። እናቱ ከመኝታ ቤታቸው ወጥተው ወደ ኩሽና ሊታጠፉ ሲሉ ጥጉ ቀደማቸው።

መጀመሪያ «ወይኔ!» አሉ። ቀጥለው ለጥጉ እዚህ የማይጻፍ ነገር አሉት። ከዚያ ጥጉን ወደ ሠራው ሰውና ወደ ወለደችው እናት ተሻገሩ፤ እናቲቱ ማን እንደሆነች ትዝ ሲላቸው የስድቡን ግማሽ አነሱ።

ሦስት ስፌት ተሰፉ። የሰፋቻቸው ታላቅ እህቱ ናት። ነርስ ናት፤ የምትኖረው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እጇ ለስላሳ፣ አፏ ግን ያለ ማደንዘዣ የሚሠራ።

«ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለች ክሩን እየቆረጠች።

«እታለም፣ አንዴ ብትጋጭ እኮ...»

«ዛሬ ቅንድቧ ነው፤ ነገ ዓይኗ ይሆናል። አንተ ቤት ሠራሁ ትላለህ፤ የሠራኸው ቢላዋ ነው። ጥግ የሌለው ቤት አሳየኝና እተዋታለሁ።»

«ጥግ የሌለው ቤት? እንቁላል ነው የምሠራው?»

«የሆስፒታላችን የሕፃናት ክፍል ጥጉ ሁሉ ክብ ነው። ሃያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይሯሯጥበታል፤ አንድም አልተፈነከተም። የሠራው ደግሞ ድቡሼ ነው።»

ያንን ስም ሆን ብላ ነው ያነሳችው። ድቡሼና ምላጭ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተው በክብ ጥግ ምክንያት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ምላጭ ሠራተኛ በሞላበት ሕንፃ መሐል ቆሞ፣ አፉን ሞልቶ፣ «ክብ ጥግ የሰነፍ ጥግ ነው፤ ጥግ ማውጣት ያቃተው ሰው ያሻሸዋል» ብሎ ነበር። ድቡሼ ያን ዕለት መለጠፊያ ስፓቱላውን ጠርጎ በቦርሳው ከተተና ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እህቱ እንደወጣች እናቱ ከአልጋቸው ተጣሩ።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«እዚያ ቤት ከገባሁ በሳምንቴ እሞታለሁ። እሷ ዘንድ ማስነጠስም ሰዓት አለው። ሬሳዬን ራሱ በሰዓቱ ነው የምታስወጣው።»

«አትሄጂም፣ እማዬ።»

«እንዴት ነው የማልሄደው? አንተ ግድግዳ ላይ ካራ ታበቅላለህ!»

 ምላጭ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲቆርጥና ሲገጥም የከረመው እኚህ ሴትዮ ከወዲያኛው ክፍል ሲሰድቡት ለመስማት ነበር። ቅዳሜ ቢሄዱ ለማን ብሎ ነው የሚቀባው?

ማክሰኞ ዕቃ መሸጫ ሄደ። ክብ የጥግ ፕላስቲክ ረጅም ነገር ነው፤ መሐሉ ቧንቧ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል፣ ግራና ቀኙ ቦርዱ ላይ የሚያርፍ ስስ ክንፍ አለው። «ለማን ነው?» አለው የሚያውቀው ሻጭ። «ለጎረቤት» አለ ምላጭ። ስድስቱን በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ፣ የሰረቀው ይመስል በጓሮ መንገድ አገባቸው። መታጠፊያው ሦስት ነው፤ የመኝታ ቤቱ፣ የኩሽናውና የመጸዳጃ ቤቱ። እያንዳንዱ ግራና ቀኝ ጥግ አለው።

ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያውን አነሳና የራሱ ስል ጥግ ላይ እንዳለ ገጠመው። ሰነፍ የሚሠራውን ሥራ ምላጭ ማንንም አይጠይቅም። ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። ጥጉ ከግድግዳው አንድ ጣት ወጣ ብሎ ቆሟል።

እናቱ መጥተው ዳሰሱት። «ምነው ይሄ፣ ንብ ነደፈው?»

«ስቱኮ ሲገባ ይስተካከላል።»

ነጩን የስቱኮ ዱቄት በውኃ አቡክቶ አዘጋጀ፤ እብጠቱ ከግድግዳው ጋር እኩል እስኪሆን ከላይ እስከ ታች ለጠፈ። አንድ ባልዲ አለቀ፤ ሁለተኛው ተጀመረ። ግድግዳውን ወደ እብጠቱ ማምጣት ነበር የያዘው። ወደ ማታ እናቱ ደግመው መጡ፤ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው አዞሩበት።

«አሁን ደግሞ አረገዘ።»

ሐሙስ ጠዋት የወፈረው ስቱኮ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹ ተገምሶ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ ነበር። ሲወድቅ ድምፁን የሰሙት እናቱ ከአልጋቸው ሳይነሱ «ወለደ!» አሉ። ቀጥለውም «ደውል» አሉት።

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነ ካላወቅህ ድምፅህ ለምን ተለወጠ?»

ደወለ። ድቡሼ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«ምላጭ ነኝ።»

«የቱ ምላጭ?» አለ ድቡሼ ረጋ ብሎ። «ጢም የሚላጨው ነው ወይስ እናቱን የሚላጨው?»

ወሬው ደርሶታል።  «ክብ ጥግ ልገጥም ነበር። አልሆነልኝም።»

«እንዴት? የሰነፍ ሥራ እኮ ነው።»

«ድቡሼ፣ ቅዳሜ እናቴን ሊወስዷት ነው።»

 «ውኃ ጥደህ ጠብቀኝ፤ ሻይ ሳልጠጣ አልስቅም» አለና ዘጋው።

ድቡሼ በር የሚጠበው፣ በጎኑ ዞሮ የሚገባ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ እናቲቱ ሄደ።

«እማማ፣ እንደምን አሉ? ድቡሼ ነኝ።»

እናቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ሆዱ ላይ አረፈ። ግራና ቀኙን ደባበሱት። «አንተስ ጥግ የለህም» አሉ። «ግባ ልጄ።»

ከዚያ የተገመሰውን ጥግ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ዝም ብሎ ቆመ። ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ስለከበደው የስቱኮ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ጨርስና ንገረኝ» አለ ምላጭ።

«ስማ» አለ ድቡሼ ዓይኑን እየጠረገ። «ስል ጥግ ሲሆን ሁለቱ ቦርዶች ጫፍ ለጫፍ ይሳሳማሉ፤ እውነት ነው፣ በዚህ የሚያህልህ የለም። ክብ ጥግ ግን ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቦርዶቹ ጥጉ ጋ ሳይደርሱ መቆም አለባቸው፤ ፕላስቲኩ መሐላቸው ነው የሚተኛው። አንተ እንደ አዲስ ሙሽሮች አጣብቀሃቸው፣ ሦስተኛ ሰው በላያቸው ታስተኛለህ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ስል ጥጉን የሸፈነውን ብረት ትነቅላለህ። ከዚያ ከሁለቱም ቦርድ ሁለት ሁለት ጣት ትቆርጣለህ። ስድስቱንም ጥግ።»

ምላጭ መቁረጫውን አንስቶ ጥጉ ፊት ቆመ። ያንን ጥግ ሲያወጣ ሦስት ጊዜ ውኃ ልክ አስደግፎበታል፤ ቱንቢ ጥሎበታል፤ አንዴ ደግሞ ማንም ሳያየው በምላሱ አቧራውን ልሶ አይቶታል። አሁን የገዛ ጥርስህን ንቀል የተባለ ሰው ይመስል እጁ አልታዘዝ አለው።

«እኔ ልቁረጥልህ?» አለ ድቡሼ።

«እንዳትነካው!»

ራሱ ቆረጠው። ከላይ እስከ ታች ሲቆርጥ መስመሩ የፀጉር ያህል እንኳ አልተዛባም።

«ይሄ እኮ ፕላስቲኩ ሥር ገብቶ ማንም አያየውም» አለ ድቡሼ። «ለማን ነው የምታሳምረው? ለአይጥ?»

«ዝም ብለህ ያዝልኝ።»

ሐሙስና ዓርብ ሠሩ። ድቡሼ ፕላስቲኩን በሁለት መዳፉ አቅፎ እኩል ሲጫነው፣ ምላጭ ክንፎቹን በብሎን ያስር ነበር። ስቱኮውን ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ አለበሱት፤ በየመሐሉ ማራገቢያ ደቅነው አደረቁት። ከድሮው የበለጠ ተሰዳደቡ። እናቱ ወንበር መተላለፊያው ላይ አስመጥተው ለሁለቱም ስድብ ያቀብሉ ነበር፤ አንዱ ሲደክመው ለእሱ ያደላሉ። ዓርብ ወደ ማታ ድቡሼ የመጨረሻውን ጥግ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ሲጨርስ፣ ምላጭ ሳያስበው መዳፉን ጥጉ ላይ ሲያዞር ተያዘ።

«እህ? እንዴት ነው የሰነፍ ጥግ?»

«ሥራ ይበዛዋል» አለ ምላጭ፤ እጁንም ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እህቱ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ድቡሼም ሥራውን ሊያይ ነው ብሎ መጥቷል፤ የመጣው ፍርዱን ለመስማት ነበር። እህቱ ጥጎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ በክርኗ ገጨቻቸው፣ ጎንበስ ብላ በግንባሯ ነካቻቸው።

«ጥሩ ነው» አለች ቅር እያላት። «እማዬ፣ ከአልጋሽ ተነሺና መጸዳጃ ቤት ሂጂ እስቲ። ማንም እንዳይይዛት።»

እናቱ ተነሱ። ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ወጡ። እጃቸው የመጀመሪያውን ጥግ እንደ ውኃ ተንሸራቶ አለፈው። ሁለተኛውንም አለፈው። ፊታቸው ላይ አንዳች ጥርጣሬ ታየ፤ ግን ኩሩ ሴት ናቸው፣ አልቆሙም። ታጠፉ፤ እጀታ አገኙ፤ በሩን ከፈቱ።

«መብራቱም ራሱ ይበራል!» አሉ ተደንቀው። «ምነው ግን እንዲህ በረደ?»

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ማድረግ ሲጀምሩ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ። የከፈቱት የኩሽናውን ማቀዝቀዣ ነበር።

እህቱ ሮጣ ያዘቻቸው። እናቱ የማቀዝቀዣውን በር ዳስሰው ዘጉት። «ያ ስለት» አሉ፣ «ቢቆርጠኝም እዚህ ነሽ ይለኝ ነበር። ይሄ ሁሉም አንድ ነው። ያንሸራትተኛል እንጂ አይነግረኝም።»

እህቱ አልተሳለቀችም፤ ምላጭን የጎዳው ይኸው ነው። ወደ መኝታ ቤቱ ገባች፤ ቁምሳጥኑ ሲከፈት ተሰማ። መስቀያ ከመስቀያ ይጋጫል።

ምላጭ ወደ ስቱኮው ባልዲ ሄደ። በስፓቱላ ዝቆ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ጥግ ላይ፣ የእናቱ እጅ በሚያልፍበት ቁመት አንድ ጉብታ ለጠፈ።

«ምን ነካህ?» አለ ድቡሼ። «ትናንት ጥጉን ሲያሻሹ የዋሉት እነዚህ እጆች ናቸው!»

ምላጭ አልሰማውም። አውራ ጣቱን ጉብታው ላይ ተጫነ፤ ጎደጎደ። ከሥሩ ደገመ። ሠለሰ። ከዚያ ወደ ኩሽናው ሄዶ ለሁለቱም ጥግ ጉብታ ለጥፎ ሁለት ሁለት ጊዜ ወጋ፤ ለመኝታ ቤቱ አንድ አንድ። ሃያ ዓመት አንዲት ቡግር ግድግዳ ላይ አይቶ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ በገዛ ቤቱ ስድስት ጥግ ላይ ስድስት ኪንታሮት አበቀለ።

«ማን ሠራው ብለው ቢጠይቁህ» አለ ድቡሼ፣ «ስሜን እንዳታነሳ።»

«እማዬ፣ ነይ ንኪው። ሦስት ሲሆን መጸዳጃ ቤት ነው። ሁለት ኩሽና። አንድ ያንቺ ክፍል።»

እናቱ ጣታቸውን እርጥቡ ላይ አሳረፉ። ጣታቸው በልጃቸው ጣት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ይሄ ጭቃ የማን ነው?» አሉ፤ ግን እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። ከዚያ የማንንም ክንድ ሳይጠብቁ ወደ ክፍላቸው ተመለሱና እንደገና ጀመሩ።

እህቱ ሁለት ቀሚስ በክንዷ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው።

«አንድ» አሉ እናቱ ወጥተው። ስድስት ያህል እርምጃ ሄዱ። «ሁለት። አይ፣ አንተ ማቀዝቀዣ ነህ፤ አውቄሃለሁ።» አለፉት። ከወዲያ በስቱኮ በነጣ ጣታቸው ሦስቱን ጉድጓድ ቀስ ብለው ቆጠሩ፤ ታጠፉ፤ ገቡ፤ በሩን በሦስቱም ፊት ዘጉት።

ሦስቱም ጆሯቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«በር ላይ ቆማችሁ እየሰማችሁኝ አልሸናም! ዞር በሉ!»

ሁለት እርምጃ ዞር አሉ። ድቡሼ በአክብሮት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ወረቀት የለም!»

እህቱ ጥርሷ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰችው። «እኔ ቤት ወረቀት አልቆ አያውቅም፣ እማዬ!»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ!»

ምላጭ ወረቀት ፍለጋ ሮጠ። እህቱ ቀሚሶቹን ትንሽ አየቻቸውና ወደ ቁምሳጥኑ መለሰቻቸው።