የቀበሮው የመጨረሻ ጄሶ

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቀበሮ ስባል ኖሬያለሁ። ፖምፔይ ቁፋሮው ላይ የጄሶ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እሳተ ገሞራው ፈንድቶ የጥንቷን ከተማ በአመድ ሲቀብራት አመዱ ጠጠረ፤ ውስጡ የቀረው ሰውና እንጨት በስብሶ አለቀና ቦታው ክፍት ሆነ። እኛ ክፍቱ ውስጥ ጄሶ እናፈስሳለን። ሲደርቅ አመዱን ስናነሳለት የጠፋው ነገር ቅርጹን ይዞ ብቅ ይላል።

ታዲያ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ክፍት ቦታ አገኘሁና ሰው ነው ብዬ ማልኩ። አሥራ ሁለት ከረጢት ጄሶ ጠጣ። ስንከፍተው ለካ የቀበሮ ጉድጓድ ኖሯል! ያውም የዘንድሮ ቀበሮ፣ የበላው የዶሮ አጥንት ሳይቀር። ባሬላ ተሸካሚው አኒዬሎ ሆዱን ይዞ ሳቀና "ቀበሮው" ብሎ ስም አወጣልኝ። ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ። ሚስቴ እንኳ ስትቆጣ በእሱ ነው የምትጠራኝ።

ጡረታዬ ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የአንድ ቤት ጓሮ ስንጠርግ፣ በግንበኛ ማንኪያዬ፣ በካዞላዬ እጀታ አመዱን ኳ ኳ ባደርገው ድምፁ ተለወጠ፤ ከሥሩ ክፍት ቦታ አለ ማለት ነው። ዝም ካልኩ በሰላም ጡረታዬን እወጣለሁ፤ ተናግሬ ከተሳሳትኩ ግን ቀበሮ እንደተባልኩ መቃብር መውረዴ ነው። አፌ መች ዝም ይላል! የቁፋሮዋን ኃላፊ ዶክተር ኦርቴንሲያን ጠራኋት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

"እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?" አለችኝ።

አኒዬሎ ባሬላውን አስቀምጦ ከተፍ አለ። "ኧረ ዶክተር፣ መጀመሪያ አንድ ዶሮ ያስመጡልን። ቀበሮው ዘመዱ ሸትቶት ይሆናል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። እናፍስስ፣ ከተሳሳትኩ ቅዳሜን ሳልጠብቅ በገዛ እግሬ እሄዳለሁ አልኳት። ዶክተሯ አየት አደረገችኝና እሺ አለች።

እኔው በጠበጥኩ፣ እኔው አፈሰስኩ። ግማሽ ከረጢት ሳያልቅ ጢም ብሎ ሞላ። የቀበሮ ቤት በግማሽ ከረጢት አይሞላም! ይህንኑ ለራሴ እየደጋገምኩ ታሎሻዬን፣ ጄሶ የማለሰልስበትን ባለ እጀታ ጣውላ፣ አጠብኩና ባልዲዬ አፍ ላይ አጋደምኩት። የጄሶ ሰው ለምሳ ሲነሳ እንዲህ ያደርጋል፤ እመለሳለሁ፣ ዕቃዬን እንዳትነኩብኝ ማለት ነው። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ሦስት ቀን ጠበቅን። ሚስቴ ያቀረበችልኝን ፓስታ ልብላው አልብላው አላውቅም። እንቅልፍማ የት አባቱ!

ዓርብ ጠዋት አመዱን በብሩሽ እያነሳን ወረድን። መጀመሪያ ክብ ጠርዝ ታየ። ቀጥሎ ጎኑ መጣ፤ የእንጨት ባልዲ ነው። የባልዲውን አፍ ስጠርግ ጠፍጣፋ ነገር አገኘሁ፤ ጀርባው ላይ እጀታ አለው። ታሎሻ! የሁለት ሺህ ዓመት ታሎሻ፣ ባልዲው አፍ ላይ ተጋድሞ! አውራ ጣት የበላው የእጀታው ጎን እንኳ ሳይቀር ወጥቷል። የራሴን አውራ ጣት አጠገቡ ባደርገው ልክክ አለ።

ባለቤቱ አልነበረም። ሮጧል፤ ያምልጥ አያምልጥ እንጃ። ሲነሳ ግን እመለሳለሁ ብሎ ነበር። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ደንባችን ነው፣ ቅርጹን ያገኘው ሠራተኛ ስም ካርዱ ላይ ይጻፋል። ዶክተሯም እያለቀሰች ኖሮ እርሳሷን አወጣችና፣ እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ስለነበር አጠገቧ የቆመውን አኒዬሎን የማን ብዬ ልጻፍ አለችው። ሁሉም ሊስቅ ተዘጋጀ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

አኒዬሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ካቴሎ ስኮኛሚሊዮ ብለው ይጻፉ። የሳባቶ ልጅ።"

ለካ ሙሉ ስሜን ያውቀው ኖሯል።