እግራቸው ወይስ ቮልሷ

«ፍሬን ይያዙ እንጂ አባባ!»

«ይዣለሁ!»

«ታዲያ እግርዎን ከቤንዚኑ ያንሡ!»

«አንሥቻለሁ አልኩሽ እኮ!»

ቮልሷ ሁለቱንም አልሰማችም። ዳገቱን ስትወጣ የያዘችውን ሩጫ ሜዳው ላይም ሳትለቅ፣ ከአስፋልቱ ወርዳ፣ ወይዘሮ ቻይነሽ ቡሬ መግቢያ ላይ ሸራ ዘርግተው ያሰጡት በርበሬ ውስጥ ገባች። አቶ ሀብተሚካኤል ሞተሩን ባያጠፉት ኖሮ በርበሬውን አልፋ ቤታቸው ውስጥ ትገባ ነበር። መጀመሪያ ያምሮት አስነጠሳት፤ ቀጥሎ አያቷን፤ ከዚያ ባለ በርበሬዋን።

«ጋሼ ሀብተሚካኤል» አሉ ወይዘሮ ቻይነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው እያበሱ፣ «ወፍጮ ቤት ከፍተዋል እንዴ? ዛላው እኮ ገና አልደረቀም!»

«እምቢ አለችኝ እኮ ቻይነሽ።»

«እምቢ ያለችው መኪናዋ ናት ወይስ ጉልበትዎ?»

ቀልድ ነበር። አቶ ሀብተሚካኤል ግን አልሳቁም። አንገታቸውን ደፍተው ቀኝ እግራቸውን አዩት፤ ልክ አጥፍቶ የመጣ የጎረቤት ልጅ እንደሚያዩ።

ሰማያዊዋን ቮልስ የገዟት የከብት ሐኪም ሳሉ ነው። ከያምሮት እናት በሦስት ዓመት ትበልጣለች። የምዕራብ ጎጃምን ጭቃ ለብሳ ስንት በሬ አስከትባለች! አሁን ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ጥፋቷ መሆኑ ነው፤ ባለፈው የጎረቤት አጥር ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሁሉ ያየው ቮልሷን ሳይሆን የሰባ ሦስት ዓመቱን ሰውዬ ነው።

ቡሬ ላይ ወሬ ነዳጅ አይፈልግም። ከጎማው ጥርስ ውስጥ በርበሬ ለቅመው ሳይጨርሱ የአቶ ሀብተሚካኤል የመጀመሪያ ልጅ ደጀኔ ደረሰ። ቮልሷን እየነዳ ግቢ አስገባት፤ አቁሞም ቤንዚን መስጫውን ቀስ አድርጎ ረገጠው፣ ለቀቀው። ሞተሩ ጮኸ፣ ዝም አለ። ደገመው። ያው ነው።

«ይኸው ምንም የላትም። አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የደከመው እግርዎ ነው። ዛሬ በርበሬ ነው፤ ነገ ሕፃን ቢሆንስ?»

አቶ ሀብተሚካኤል ከጫማቸው ላይ የበርበሬ ፍሬ አራገፉ። ልጃቸው ክፉ ቢሆን መመለስ ይቀል ነበር።

«አንድ የደምበጫ ሰው ሊገዛት ሲጠይቀኝ ከርሟል። ዛሬ ከሰዓት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ምሳ በልቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ያምሮት ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ፍኖተ ሰላም ሞተር ሳይክል መጠገን ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ባለሙያው የት ነው?» ሲላት «እጁን እየታጠበ ነው» ትልና ሄዳ እጇን ትታጠባለች። አሁንም እጅጌዋን ሰብስባ የቮልሷን የኋላ ኮፈን ከፈተች።

«አባባ፣ ይግቡና ይርገጡልኝ። ዳገቱ ላይ እንደረገጡት።»

«ምን ዋጋ አለው ልጄ? አጎትሽ ሞክሮ አየው አይደል?»

«የያዘው ነገር በርበሬው ላይ ስንናጥ ተላቆ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የረገጠው እንቁላል ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው። እርስዎ እስከ ወለሉ!»

ረገጡት። ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነው ካርቡራቶር ጎን ያለው ቤንዚን መክፈቻ ወለል ብሎ ተከፈተ። «ይልቀቁ!» አለች። ለቀቁ። መክፈቻው እንደተከፈተ ቀረ። ሞላው ሊመልሰው ይጎትታል፤ እሱ ወይ ፍንክች! ያምሮት ከእግር መርገጫው የሚመጣውን ሽቦ ፈታ ብትስበው ያለ ችግር ይሄዳል፣ ይመጣል። መክፈቻው ግን ያለ ሽቦም ያለ እግርም ክፍቱን ተገትሯል። የሚዞርበትን ዘንግ በጣቷ ስትነካው ጣቷ ተጣበቀ። አሸተተችው።

«አባባ፣ ምንድን ነው የቀቡት? ኑግ ኑግ ይላል።»

አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሲጢጥ ሲጢጥ ስትልብኝ… ከአያትሽ ጓዳ የኑግ ዘይት ወስጄ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ከገና በፊት ነው። ግሪስ አልነበረኝም፤ ቅቤ እንዳልቀባት ጾም ነው።»

«ቮልሷ ትጾማለች እንዴ?»

«እሷ ባትጾም የኔ እጅ ይጾማል!»

«ወይ አባባ! የኑግ ዘይት ሲሰነብት ሙጫ ነው እኮ። የዘይት ጠርሙስ አንገት ሲጣበቅ አይተው አያውቁም? አዎ፣ ከየት ያዩታል? ጓዳ የገቡት ያን ቀን ብቻ ነው።»

አቶ ሀብተሚካኤል አልተቆጡም። ወርደው መጡና ክፍቱን የቀረውን መክፈቻ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እግሬ አይደለም አልሽ?»

«እግርዎማ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም።»

ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ችኮላ ገብቶበታል። «ነይ፣ በቤንዚን እጠቢው። ደጀኔ ሳይመጣ። የኑግ ዘይት ቀባ ተብዬ ቡሬ ሙሉ ሊስቅብኝ ነው?»

ያምሮት በአንድ ኩባያ ቤንዚንና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ልትጀምር ነበር። ቆም አለች።

«አሁን ካጠብኩት ይድናል፤ ግን እግርዎ ላለመሆኑ ማን ያምነኛል? ይምረጡ፤ በዘይቱ ይሳቅብዎ ወይስ እግርዎ ደከመ ይባል?»

አያቷ ጺማቸውን አሻሹ።

«ይሳቁ» አሉ በመጨረሻ። «አትንኪው።»

ያምሮት መክፈቻውን ሳታጥበው በጣቷ ገፍታ ዘጋችውና ሽቦውን መልሳ አሰረች። ደጀኔ እንደመጣ ሳታስቀምጠው ወደ መሪው ገፋችው።

«አጎቴ፣ ሞተሩን ያስነሡና እስከ ወለሉ ይርገጡ።»

«ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«ካልፈሩ ነዋ!»

ደጀኔ ረገጠው። ቮልሷ አጓራች፤ ዶሮዎቹ ግቢውን ለቀው አጥር ላይ ወጡ። እግሩን አነሣ፤ ማጓራቷን ቀጠለች። በተከፈተው በር ሁለቱንም እግሮቹን አውጥቶ አንጠለጠላቸው፤ አሁንም አላቆመችም። ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

«የኑግ ዘይት የቀባኋት እኔ ነኝ» አሉ አባቱ ያምሮትን ቀድመው። «እጄ አጥፍቷል። እግሬ ግን የታዘዘውን ሠርቷል።»

ደጀኔ ወርዶ የሚያጣብቀውን ዘንግ ራሱ በጣቱ ነካው። የያምሮት አንደበት ብዙ የተዘጋጀ ነገር ነበረው፤ ዋጥ አደረገችው። ከዚያ ደጀኔ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ… ከደምበጫ ካልተነሡ አይድከሙ… የለም፣ የዋጋ ነገር አይደለም። አባቴ ይነዷታል።»