ከመጋረጃው ጀርባ

የሐይቅ ከተማ ወጣቶች ለአዲሱ አዳራሻቸው ግድግዳ የድሮውን ዋና መንገድ ፎቶ ፈልገው ወደ ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ወደ ባድሩ ሄዱ።

«ወላሂ፣ ደጁን አልሳታችሁም!» አላቸው ባድሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያው መንገድ ዳር፣ በረንዳው ላይ ሰው ሲያነሳ ኖሯል። መንገዱን ከነአቧራው፣ ከነጋሪው፣ ከነሻይ ቤቱ ሐሜት ያውቀዋል።

የድሮ ፎቶ ያጨቀበትን ካርቶን ዘረገፈው። ሙሽራው ከነሚዜው፣ ወታደሩ ከነመለዮው፣ ሐጂው ከነኩፍታው፣ ሁሉም አውሮፕላን በተሳለበት መጋረጃ ፊት ተገትረዋል። መንገዱ የለም! ባድሩን ላብ አጠመቀው። ለካ ያን ሁሉ ዘመን መንገዱን ሲጋርድ ነው የኖረው። ደግሞስ የትኛው ጤነኛ ሰው ነው አህያ የሚተራመስበትን መንገድ አንሣልኝ የሚል?

ከካርቶኑ ሥር ግን አንድ የተበላሸ ፎቶ ወጣ። ወልዴ የተሞሸረ ዕለት የሐይቁ ነፋስ መጋረጃውን ገልቦ ሙሽራው ላይ ከምሮበታል። ሙሽሪት ሰብለወንጌል ብቻዋን ቆማ አፏን ይዛለች። ከኋላዋ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ባለጋሪውም፣ ባለሻይ ቤቱም፣ መንገደኛውም በሳቅ ተንፈራፍረዋል። ያኔ ወልዴ «የአገር መሳቂያ አደረግኸኝ» ብሎ ባድሩን ዓመት ሙሉ አኩርፎታል።

ዛሬ ያ ፎቶ በር አክሎ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። ወልዴም በየቀኑ ይመጣል። ያገኘውን እንግዳ እየጎተተ ይወስድና ያበጠውን መጋረጃ በከዘራው ነካ ያደርጋል፦

«አየኸው? እዚህ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ!»